ከስትሮክ በኋላ ለትከሻ ሕመም የሚጋለጠው ማን ነው? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን እንፈትሽ?

ዋርድ_ነርስ
ሰላም ለሁላችሁ። ስትሮክ ያጋጠማቸው ሕሙማን በተኙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞላ የአንድ ገጽ የትከሻ መፈተሻ ቅጽ እያዘጋጀሁ ነው። የምፈልገው ሕመሙ ከመጣ በኋላ መመዝገቢያ አይደለም፤ የተጋለጠውን ሰው ቀድሞ መለያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ የትከሻ ሕመም ይገጥመዋል። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አልጋ ላይ እያሉ የተሠራ ስህተት ውጤቱ የሚታየው ከእኛ እጅ ከወጡ በኋላ ነው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ፦
1. ቅጹ ላይ መግባት ያለባቸው የአጋላጭ ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? የትኛውስ ይበልጥ ይመዝናል?
2. የዛለው ክንድ ወደ ታች ሲወርድ ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር የሚፈጠረውን ክፍተት በጣት መለካት ይጠቅማል?
3. ክንዱ ለዛለ ሰው ሁሉ ማንጠልጠያ ማድረግ ልክ ነው?

ፊዚዮ_ለ
ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመጠው የክንዱ ድክመት መጠን ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች ከጥናት ወደ ጥናት ይለዋወጣሉ፤ ይህ ግን እየተደጋገመ ይመጣል። ክንዱን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ያልቻለ ሰው፣ በከፊል ከሚያንቀሳቅሰው ይልቅ በጣም የተጋለጠ ነው።

ነገሩ ከመገጣጠሚያው አሠራር ይመነጫል። የትከሻ ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም። ከክንድ አጥንቱ ክብ ራስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ጎድጓዳውን የሚነካው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ዳሌን አጥንቱ ራሱ አቅፎ ይይዘዋል፤ ትከሻን ግን ጡንቻ ነው የሚይዘው። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ከሚይዙት ከአራቱ የሮቴተር ካፍ ጡንቻዎች በተለይ ከላይ ያለው ሱፕራስፓይናተስ፣ ትከሻን ከውጭ ከሚሸፍነው ጡንቻ ከዴልቶይድ የኋላ ክፍል ጋር ሆኖ የክንዱ ራስ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። ስትሮኩ እነዚህን ሲያዝላቸው የክንዱ ክብደት በሙሉ በመገጣጠሚያው ከረጢትና በጅማቶቹ ላይ ይንጠለጠላል። እነሱ ቀስ እያሉ ይለጠጣሉ፤ ከተለጠጡ በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው በቀላሉ አይመለሱም። ከፊል ውልቃት፣ ማለትም የክንዱ ራስ ከጎድጓዳው በከፊል መውረድ፣ በብዛት የሚፈጠረው ክንዱ ዝልፍልፍ ባለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሆነው ለዚህ ነው።

ለቅጹ ሁለት እንቅስቃሴ ይበቃል፦ ክንድን ወደ ጎን ማንሳትና ጣቶችን መዘርጋት። እያንዳንዱን በተለመደው የጡንቻ ጉልበት መለኪያ ከ0 እስከ 5 ስጡና ደምሩ፤ ከ10 ይሆናል። ይህ ድምር በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚወሰድ ሲሆን የተሠራው የእጅን ማገገም ለመተንበይ ነው። ለትከሻ ጥበቃ መጠቀሙ የእኔ ምርጫ ነው፤ ድምሩ ከ5 በታች የሆነ ሰው ትከሻው በየሰዓቱ የሌላ ሰው እጅ ላይ ነውና ሙሉ ጥበቃ ይገባዋል።

የሥራ_ቴራፒ
ከድክመቱ ቀጥሎ እኔ የማስቀምጠው የስሜት መጥፋትንና ጎንን አለማስተዋልን (አንጎሉ የተጎዳውን ጎን ልብ አለማለቱን) ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ቅጽ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ይሁኑ።

ስሜት ስንል መርፌ ሲነካው ተሰማው አልተሰማው ብቻ አይደለም። ትልቁ ነገር የክንዱን አቀማመጥ ማወቁ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የተጎዳውን አውራ ጣቱን በጤነኛው እጅ ፈልጎ እንዲይዝ ጠይቁት። ቀጥታ ካገኘው ደህና ነው። ካጣው፣ ወይም ክንዱን ከትከሻ ጀምሮ እየዳበሰ ከደረሰበት፣ ክንዱ ከጀርባው ሥር ቢታጠፍም ከዊልቸሩ ጎማ ጋር ቢጠላለፍም አያውቅም ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ሲመቸው የሚያደርጋትን ትንሽ ማስተካከል ይህ ሰው አያደርጋትም።

ጎኑን የማያስተውል ሰው ደግሞ በበር መቃን ይመታዋል፣ ሲገላበጥ ክንዱን ወደኋላ ጥሎት ይዞራል፣ ሲነሳ ክንዱን ረስቶት ይነሳል። በግራ ጎን ድክመት ላይ የትከሻ ሕመም ይበዛል የሚል ውጤት በአንዳንድ ጥናቶች ታይቷል። በእኔ አመለካከት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጎንን አለማስተዋል የሚበረታውና የሚቆየው የቀኝ አንጎል ሲጎዳ ነውና። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ግራ» ብሎ ነጥብ ከመስጠት ማስተዋሉን በቀጥታ መፈተሽ ይሻላል። መስመር ለሁለት እኩል እንዲከፍል መስጠት ወይም ወረቀት ላይ የተበተኑ ምልክቶችን እንዲሰርዝ ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተሀድሶ_ሐኪም
ከስትሮኩ በፊት የነበረው ትከሻ ይረሳል። ዕድሜው ከ60 በላይ በሆነ ሰው ላይ ምንም ሳያመው የሮቴተር ካፍ ጅማት መሳሳት ወይም መቀደድ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሚዛኑን ጠብቆ የኖረ ትከሻ ጡንቻው ሲዝል ሚዛኑ ይናጋል። ስለዚህ አንድ ግልጽ ጥያቄ ይግባ፦ «ከዚህ ሕመም በፊት ይህ ትከሻ አሞዎት፣ ወድቀውበት ወይም መርፌ ተወግተውበት ያውቃሉ?» መናገር ካልቻለ ቤተሰቡ ይጠየቅ።

ስኳር ሕመምም የግድ ይግባ። ስኳር ያለበት ሰው ስትሮክ ባያጋጥመውም እንኳ የትከሻው ከረጢት የመድረቅ አደጋው ከሌላው ሰው ይበልጣል። በዚያ ላይ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ ለሳምንታት ሲቀመጥ ሁለቱ ይደራረባሉ።

ሦስት ፈተናዎችን ልጨምር። አብረው ሲገኙ ለትከሻ ሕመም ጠንካራ ምልክት መሆናቸው ተመዝግቧል፦
– ስካፑላን፣ ማለትም ከጀርባ በኩል ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት፣ በአንድ እጅ ይዞ ወደ ውስጥ የዞረውን ክንድ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲያነሱት የሚያም ከሆነ፤
– እጁን ወደ ማጅራቱ ሲወስዱት ከመጠነኛ በላይ የሚያመው ከሆነ፤
– ክርኑ ከጎኑ ተጠግቶ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ክንዱ ወደ ውጭ ሲዞር ከጤነኛው ጎን ከ10 ዲግሪ በላይ ካነሰ።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ የመሥራት ጊዜ ካለ ሦስተኛው ይሠራ። ወደ ውጭ መዞር በትከሻው ላይ ቀድሞ የሚጠፋው እንቅስቃሴ ነው፤ ሲጠፋም ሕመም በር ላይ ነው።

ዋርድ_ነርስ
በጣም አመሰግናለሁ። ወደ ውጭ መዞሩ ለምን ቀድሞ ይጠፋል? ክፍተቱንስ በጣት ስለካ ውጤቱ ከሰው ሰው እንዳይለያይ ምን ልጠንቀቅ?

ፊዚዮ_ለ
መጀመሪያ ስለ መዞሩ። የዛለው ክንድ ሆድ ላይ ነው የሚቀመጥ፤ በትራስም በማንጠልጠያም ወደ ውስጥ ዞሮ ይውላል። ቀጥሎ ውጥረቱ፣ ማለትም ከስትሮክ በኋላ ጡንቻው ያለፈቃድ መጠንከሩ፣ ሲመጣ የሚበረቱት ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ናቸው፦ ሰብስካፑላሪስ፣ የደረቱ ትልቅ ጡንቻ፣ ከጀርባ የሚመጣው ላቲሲመስ። ስለዚህ ዝልፍልፍ ባለበት ጊዜ አቀማመጡ፣ ውጥረት በመጣበት ጊዜ ጡንቻው፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባሉ።

ልኬቱን እንዲህ አድርጉ፦
1. ሕመምተኛው ጀርባው ተደግፎ፣ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ነክተው ይቀመጥ። ተኝቶ አይለካም፤ ሲተኛ ክፍተቱ ይጠፋል።
2. ወደ ጎን ያዘነበለ አካሉን አቅኑት። ሰውነቱ ካዘነበለ ስካፑላው ይወርድና ልኬቱ ይዛባል።
3. ድጋፉን ከክንዱ ሥር አውጡና ክንዱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በራሱ ክብደት ይንጠልጠል። ከልኬቱ በኋላ ወዲያው መልሱለት።
4. ከትከሻ ጫፍ የአጥንት ጠርዝ በታች፣ ከፊትና ከጎን በኩል፣ በጠቋሚ ጣት ክፍተቱን ዳብሱ። ግማሽ ጣት፣ አንድ ጣት፣ አንድ ተኩል እያላችሁ መዝግቡ።
5. ጤነኛውንም ጎን ለኩ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ልል ትከሻ አለው።

የሚዛባው በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው። ሰው በተቀየረ ቁጥር ጣቱም ይለያያልና፣ ቢቻል ያው ሰው ደግሞ ይለካ።

አጥንትና_ጡንቻ
ልኬቱ ይሠራ፤ ግን ቅጹ ላይ ክፍተትን ከሕመም ጋር እኩል እንዳታደርጉት እለምናለሁ። አንድ ጣት ሙሉ ክፍተት ኖሮት ምንም የማያመው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ምንም ክፍተት ሳይኖረው ሌሊቱን በሕመም የሚያድርም አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት የፈተሹ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሕመሙ የሚመጣው ከከረጢት መድረቅ፣ ከጅማት መቆጥቆጥ፣ ከጡንቻ ውጥረት፣ ከነርቭ፣ ወይም ከእነዚህ ድብልቅ ነው። ክፍተቱ የሚለን «ይህን ክንድ የሚይዘው የለም» ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ተግባራዊ ጉዳት ስላለው ነው። ክፍተት ያየ ባለሙያ ክንዱን ጠርንፎ ማሰር ይቀናዋል። የታሰረ ክንድ ደግሞ ይደርቃል፤ የደረቀ ትከሻ ያማል።

ፊዚዮ_ለ
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ሌላውን ግማሽ አልተውም። ክፍተት ያለበትን ክንድ የሚጎትት ሰው ከረጢቱንና ነርቮቹን ነው የሚጎትት። ሕመሙ ገና ያልመጣ መሆኑ ትከሻው አይጎዳም አያሰኝም። ቅጹ ላይ «ክፍተት አለ» የሚለው «ጥበቃ ያስፈልጋል» ተብሎ ይተርጎም፤ «ይታሰር» ተብሎ አይተርጎም።

አስታማሚ_አሠልጣኝ
ወደዚያው ልመጣ ነበር። ድክመት፣ ስሜት ማጣት፣ አለማስተዋል፣ ስኳር፣ እነዚህ ሰውየው ይዟቸው የመጣ ናቸው። ሌላው ግማሽ ከአስታማሚ እጅ ይመጣል፤ ሊወገድ የሚችለውም እሱ ነው።

በጣም የሚበዛው በብብት ሥር ገብቶ ማንሳት ነው። ሰውየው በአልጋው ወደ ታች ሲንሸራተት ሁለት ሰው በሁለቱም ብብት ይገባና ወደ ላይ ይስበዋል። ጤነኛው ትከሻ ጡንቻውን ወጥሮ ይከላከላል። የዛለው ግን ምንም መከላከያ የለውምና የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በከረጢቱ ላይ ያርፋል። ለመሳብ ከሥሩ የሚነጠፍ አንሶላ ተጠቀሙ፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ከትከሻና ከዳሌ ትይዩ ጨርቁን ይዞ ይሳብ። ከተቀመጠበት ለማስነሳት ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ይታሰርና ቀበቶው ይያዝ። ቀበቶ ከሌለ አንድ እጅ በተጎዳው ጎን ስካፑላ ላይ ከጀርባ ይቀመጥ፣ ሌላው ዳሌውን ይደግፍ፤ የተጎዳው ክንድ ደግሞ ከፊት በአስታማሚው ክንድ ላይ ይረፍ። እጁን ይዞ «ተነሱ» ማለት ክልክል ይሁን።

ልብስ ሲለበስ የተጎዳው ክንድ ቀድሞ ይገባል፤ ሲወልቅ የተጎዳው መጨረሻ ይወጣል። ሲታጠብ ብብቱን ለማጽዳት ክንዱን ወደ ጎን ከመገንጠል፣ ሰውየውን ወደ ፊት አዘንብሉት፤ ክንዱ በራሱ ወደ ፊት ሲንጠለጠል ከሥር ክርኑን ይዛችሁ አጽዱ። የደም ግፊትም መርፌም በጤነኛው ክንድ ይሁን። ከአልጋው ራስጌ «የቀኝ ክንድ አይጎተት» የሚል ወረቀት መለጠፍ ብዙ ይጠቅማል፤ ማታ የሚገባው ተረኛም ሕመምተኛውን ወደ ምርመራ የሚወስደው ሠራተኛም ቅጹን አያነብምና።

የሥራ_ቴራፒ
ወደ ምርመራ መውሰድ መነሳቱ ደስ አለኝ። በዊልቸር ሲወሰድ ክንዱ ከጎን ወርዶ የሚጎተተው ያኔ ነው። የክንድ ማሳረፊያ ሰሌዳ ወይም ጭን ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ትራስ ከወንበሩ ጋር ይታሰር። ከፍታው የሚለካው በክርኑ ነው። ዝቅ ካለ ትከሻው ይንጠለጠላል፤ ከፍ ካለ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይገፋዋል፣ ይህም ያማል። ልኩ ሁለቱ ትከሻዎች ከፊት ሲታዩ እኩል ሲሆኑ ነው። ክርኑ ከአካሉ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፣ መዳፉ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን፣ ጣቶቹ ተዘርግተው። እጁ ከሰሌዳው ጫፍ ወርዶ መንጠልጠል የለበትም፤ እብጠቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ተማሪ_ፊዚዮ
የመዘውር ገመድ ልምምድስ? ጤነኛው እጅ የተጎዳውን ወደ ላይ እንዲስበው የሚደረገው። በራሱ የሚሠራው ስለሆነ ለሕመምተኛው ነፃነት ይሰጣል ይባላል።

ፊዚዮ_ለ
ለዛለ ትከሻ አይሰጥም። ይህ ከግምት ያለፈ ነው። በ1990 የታተመ አንድ ንጽጽር 28 ሕሙማንን በሦስት ዓይነት ልምምድ ከፍሎ ነበር፦ ባለሙያው በእጁ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ክንዳቸውን በጠረጴዛ ላይ በሚንሸራተት ሰሌዳ የሚያንቀሳቅሱ፣ እና የመዘውር ገመድ የሚጠቀሙ። ሕመም የመጣባቸው በቅደም ተከተል 8፣ 12 እና 62 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፣ አሠራሩም በአካል አወቃቀር ይገለጻል።

ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ሦስት ነገር አብሮ መሆን አለበት። ስካፑላው መዞር አለበት፤ ከሙሉው 180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉ ከክንዱ መገጣጠሚያ፣ 60 ያህሉ ከስካፑላው ይመጣል። የክንዱ አጥንት ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ አለበለዚያ የአጥንቱ ጉብታ ከትከሻ ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ በመካከላቸው ያለው ጅማት ይፈጫል። የክንዱ ራስ ደግሞ ወደ ታች መንሸራተት አለበት። ገመዱ ክንዱን ወደ ላይ ይጎትታል እንጂ ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም። ስሜት የጠፋበት ሰው ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሁለት እጅ አጣምሮ ወደ ላይ ማንሳትም ያው አደጋ አለው፤ እሱ ከትከሻ ቁመት በላይ አይውጣ።

በእጅ ሲሠራ ሕጉ ቀላል ነው። አንድ እጅ ስካፑላ ላይ፣ አንድ እጅ ክርኑ ሥር። ስካፑላው አብሮ ካልዞረና ክንዱ ወደ ውጭ ካልዞረ ከ90 ዲግሪ አትለፉ። ፊቱን እያያችሁ ሥሩ። ሕመም ካሳየ ወደኋላ ተመልሳችሁ ስካፑላውን አስተካክሉ፤ «ትንሽ ቻሉት» አይባልም።

ዋርድ_ነርስ
ስለ ማንጠልጠያውም አንድ ነገር በሉኝ። ሁሉም ቤተሰብ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የሥራ_ቴራፒ
ማንጠልጠያ ለመቆምና ለመራመድ ነው። ሲቀመጥ ይወልቅና ሰሌዳው ይተካዋል፣ ሲተኛ ትራሱ ይተካዋል። አንገት ላይ የሚታሰረው ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ክንዱን ደረት ላይ አጣብቆ ወደ ውስጥ አዙሮ ስለሚይዘው ቀኑን ሙሉ መዋል የለበትም። ክንዱን ዘርግቶ ከላይኛው ክንድ የሚይዘው ዓይነት ለእርምጃ የተሻለ ነው፤ ሰውነቱም ሚዛኑን ይጠብቃል። የትኛውም ይሁን የትኛው ሦስት ነገር ይታይ፦ ብብት ሥር ቆዳ መላጥ፣ አንገት ላይ ቀይ መስመር፣ እጅ ላይ እብጠት።

አጥንትና_ጡንቻ
ማንጠልጠያ ከፊል ውልቃትን ለመከላከሉ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ይህ ለቤተሰቡ በግልጽ ይነገር። ክንዱ በእርምጃ ጊዜ እንዳይወዛወዝና እንዳይመታ ግን ይከላከላል። ለዚያ ብቻ ከሆነ ደስ ብሎኝ አዘዋለሁ።

ተሀድሶ_ሐኪም
የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ቀድሞ ሲጀመር ከፊል ውልቃትን የመከላከል ማስረጃው ከማንጠልጠያ ይሻላል፤ ሕመምን በመቀነስ ግን ያን ያህል አልታየም። ቆዳ ላይ ከሚለጠፉት ሁለት ፓዶች አንዱ ከስካፑላው ጉብታ በላይ ሱፕራስፓይናተስ ላይ፣ ሌላው የዴልቶይድ የኋላ ክፍል ላይ ይቀመጣል። ድግግሞሹ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ኸርዝ ነው፤ ኃይሉ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ትከሻው ወደ ጆሮ የሚሳብ ከሆነ ፓዱ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደውን ጡንቻ፣ የላይኛውን ትራፔዚየስ፣ ነክቷል፤ ወደ ጎን አንሱት። የሚፈለገው ክፍተቱ ሲዘጋ በጣት መሰማቱ ነው። ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ላለበት ሰው አይደረግም። ስሜት የጠፋበት ቆዳ ሲቃጠል ስለማይናገር ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ ቆዳው ይታይ።

አስታማሚ_አሠልጣኝ
የአልጋ አቀማመጥ አልተነሳም፤ ከሃያ አራት ሰዓት አብዛኛው እዚያ ነው የሚያልፍ።

በጀርባ ሲተኛ ቀጭን ትራስ ከስካፑላው ሥር ይግባ፣ ክንዱ ከጎኑ ራቅ ብሎ በትራስ ላይ፣ መዳፉ ወደ ላይ። በጤነኛው ጎን ሲተኛ ክንዱ ከፊቱ በወፍራም ትራስ ላይ ይቀመጥ፤ ክርኑ የተዘረጋ፣ እጁ ከትራሱ ያልወረደ። በተጎዳው ጎን መተኛት ይቻላል፤ ይጠቅማልም። ግን በትከሻው ጫፍ ላይ ማረፍ የለበትም። ከማዞር በፊት ክንዱን ወደ ፊት አውጡ፤ ከዞረ በኋላ እጃችሁን ከጀርባው አስገብታችሁ ስካፑላውን በመዳፋችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ልክ ከሆነ የስካፑላው ውስጠኛ ጠርዝ ጀርባ ላይ ተኝቶ ይሰማል። ሁልጊዜ ይህ ጎን ያመኛል የሚል ሰው ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይህ እርምጃ ተዘልሏል።

በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ክንዱ ወደ ውጭ ዞሮ ይቆይ። በጀርባው ተኝቶ፣ ክንዱ 45 ዲግሪ ያህል ከጎኑ ርቆ፣ ክርኑ በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ የእጁ ጀርባ ወደ ትራስ እንዲያዘነብል፤ ሕመም እስካላመጣበት ድረስ ብቻ። ለ30 ደቂቃ የሚቆይ አቀማመጥ የመዞሩን መጥፋት እንደሚቀንስ የታየበት ሙከራ አለ፤ ሁሉም ሙከራዎች ግን አንድ ውጤት አላመጡም። የሚጎዳ ነገር የለውም፣ ዋጋውም ትራስ ብቻ ነው።

ነርቭ_ክፍል
እኔ የምጨምረው ምርመራውን የሚያሳስቱ ነገሮች ናቸው። ትከሻዬን አለ ማለት ሁሉ ትከሻ አይደለም።

የእጁ ጀርባ ካበጠ፣ የቆዳው ቀለምና ሙቀት ከተለወጠ፣ አንጓው ወደኋላ ሲታጠፍ በኃይል ካመመው፣ የጣት አንጓዎች ሲጫኑ የሚያም ከሆነ፣ የትከሻና የእጅ ሕመም ጥምረት ነው፤ ሐኪም በዚያው ቀን ይየው። ለዚህ ብዙ ጊዜ አጭር የስቴሮይድ ኪኒን ይሰጣል። ስኳር ያለበት ሰው ስቴሮይድ ሲጀምር ስኳሩ በቅርበት ይለካ። ክንዱ በሙሉ ካበጠ ግን ጥልቅ የደም ሥር መርጋት አስቀድሞ ይታሰብ።

የሚያቃጥል፣ ፊትንና እግርንም የሚያዳርስ፣ አንሶላ ሲነካው የሚያም ሕመም ከአንጎል የሚመነጭ ነው፤ በትከሻ መርፌ አይድንም። ጣቶቹ እየተመለሱ ሳለ ትከሻው ብቻ ዝልፍልፍ ብሎ ቢቀር፣ ጡንቻውም በፍጥነት ቢሟሽሽ፣ በመጎተት የተጎዳ የክንድ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ የነርቭ ምርመራ ይታዘዝ። ከወደቀ በኋላ የመጣ ሕመም ከሆነ ራጅ ይነሳ፤ የዛለ ክንድ አጥንቱ ይሳሳልና በቀላል ውድቀት ይሰበራል። የግራ ትከሻ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የልብ ምርመራ ይቀድማል።

ዋርድ_ነርስ
መናገር ለማይችሉትስ ሕመሙን እንዴት ልመዝግብ?

ነርቭ_ክፍል
ከ0 እስከ 10 ቁጥር አትጠይቁ። ንግግሩ የተጎዳ ሰው ቁጥሩንም ሊያምታታው ይችላል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ወይም የፊት ሥዕሎች አሳዩት። ገጹን የማያስተውለው ጎን ላይ አታስቀምጡ፤ አግድም የተሳለ መስመር ግራውን ለማያይ ሰው ግማሹ የለም። ይህም ካልሆነ ሲለብስ፣ ሲገላበጥና ሲነሳ ፊቱን አይታችሁ መዝግቡ፦ መኮማተር፣ መቃተት፣ ክንዱን በጤነኛው እጅ መጠበቅ። በጸጥታ ተኝቶ «አላመመኝም» ማለቱ አይበቃም። ሕመሙ የሚገለጠው በእንቅስቃሴና በሌሊት ነው።

ዋርድ_ነርስ
ቅጹን ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ ልሙላው አስቤ ነበር።

ፊዚዮ_ለ
በሁለቱ መካከል ትከሻው ይለወጣል። ድክመቱንና ስሜቱን በ3 ቀን ውስጥ መዝግቡ። ክፍተቱንና ወደ ውጭ መዞሩን በየሳምንቱ ድገሙ፤ ሰውየው መጀመሪያ ከአልጋ ወርዶ ወንበር ላይ በተቀመጠበት ቀን ግን ልኬቱ የግድ ይደገም፤ ክንዱ በራሱ ክብደት መንጠልጠል የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ውጥረት ሲጀምርም ይደገም፤ ለዚያ ክርኑን በፍጥነት ስትዘረጉት የሚይዛችሁን መቋቋም መመዝገብ ይበቃል። ውጥረቱ በርትቶ መዞሩ ካነሰ ለሐኪሙ ይነገር፤ በሰብስካፑላሪስ ወይም በደረቱ ጡንቻ ላይ ጡንቻን የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ የሚታሰበው ያኔ ነው፣ ከረጢቱ ከደረቀ በኋላ ሲሆን ጥቅሙ ያንሳል።

አስታማሚ_አሠልጣኝ
ሲወጣ የሚሞላው ገጽ ላይ ደግሞ ከሕመምተኛው ሌላ አንድ ሰው ይፈተሽ፤ ቤት ውስጥ የሚያነሳው ማለቴ ነው። ሦስት ነገር ሠርቶ ያሳይ፦ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር፣ ሸሚዝ ማልበስ፣ በተጎዳው ጎን ማስተኛት። ሲያሳዩት ገባኝ ማለቱን አትመዝግቡ፣ በእጁ መሥራቱን መዝግቡ። አንዱን ከሳተ ከመውጫው በፊት በነበረው ቀን ይደገም። ከአንድ በላይ አስታማሚ ካለ ሁሉም ይጠሩ፤ ያልሠለጠነው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ ብብት ሥር የሚገባው።